ተያዥ የጠፋ ዕቃ ያስመልሳል፤ ልጅ ግን አይጠብቅም
የሞግዚቶችና የሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች አቀጣጠር ሲመዘን

በአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ያገለገለ አይሱዙ ሊገዛ ሲነሳ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ሊብሬውን ያያል፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል። ቡና ላኪው ናሙና አስቆልቶ ሳያስቀምስ ዋጋ አይቆርጥም። የጤፍ ነጋዴውም ቢሆን እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከሥር ዘግኖ ካላየ አይከፍልም። እነዚሁ ገዢዎች ግን የስምንት ወር ልጃቸውን በቀን ለአሥር ሰዓት የምትይዝ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ነገሩን በሩብ ሰዓት ውስጥ ይጨርሱታል።

በደላላ ቤት አግዳሚ ላይ የሚካሄደው ቃለ መጠይቅ የታወቀ ነው። ከየት ነው የመጣሽው? ዕድሜሽ ስንት ነው? ወጥ ትሠሪያለሽ? ስንት ትፈልጊያለሽ? ተያዥ አለሽ? ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱም ስለ ልጅ አይደለም።

ፈላጊው የበዛበት ገበያ

የሞግዚት ፍላጎት ከምን እንደሚመነጭ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። ቀደም ሲል የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሚሰጠው በድምሩ 90 ቀናት ነበር። ፈቃዱ ቢረዝምም እናትየዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑ ገና አምስት ወር አልሞላውም። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ምንም እንዳይሰጠው የሚመክረው እስከ ስድስት ወር ድረስ መሆኑን ልብ ይሏል።

በቀድሞው ጊዜ ይህን ክፍተት የሚሞላው ዘመድ ነበር። አያት ወይም ከገጠር የመጣች የአክስት ልጅ ሕፃኑን ትይዝ ነበር። ዛሬ የአክስት ልጅ ትምህርት ቤት ናት፤ አያትም ብትሆን ብዙ ጊዜ የራሷ ሥራና ኑሮ አላት። ከዚህም ሌላ በቤት ሥራ የሠለጠኑና ልምድ ያላቸው ሴቶች ፊታቸውን ወደ ዓረብ አገሮች ካዞሩ ቆይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ንጽጽር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘች እንድትሆን ይጠይቅ ነበር። በአጭሩ ሪያድ ሄዳ የሰው ልጅ ለመያዝ የብቃት ወረቀት ተጠየቀች፤ ቦሌ ወይም ኮልፌ ለመቀጠር ግን ተያዥ ብቻ በቃት።

በሌላ በኩል የሕፃናት ማቆያ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ወደ መሆን እየሄደ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በግሉም በኩል ቪላ ተከራይተው ወይም በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ማቆያና መዋዕለ ሕፃናት የሚከፍቱ ባለሀብቶች አሉ። ባለሀብቱ ሕንፃውን፣ መጫወቻውንና ቀለሙን በገንዘቡ ይገዛል። ወላጅ የሚከፍለው ግን ለሠራተኞቹ እጅ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በምልመላው ነው።

ደላላውና መረጃው

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ከመጥፎው ስለማይለይ ለሁሉም አንድ መካከለኛ ዋጋ ይቆረጣል። በዚህ ዋጋ የጥሩው ባለቤት ይጎዳል፤ ስለዚህ ገበያውን ጥሎ ይወጣል። አከርሎፍ ለዚህ ዓይነቱ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ሰው ዕቃ አይደለም። የመረጃው ችግር ግን አንድ ነው። ሁለት ልጆች አሳድጋ ያስረከበች ትዕግሥተኛ ሞግዚትና ትናንት ሥራ የጀመረች ልጅ በደላላ ቤት ለአንድ ዓይነት ደመወዝ ሲደራደሩ የመጀመሪያዋ ለመቆየት ምክንያት አይኖራትም። ወይ ፓስፖርት ታወጣለች፣ ወይ ካፌ ትገባለች።

የደላላው ጥቅምም ችግሩን አያቃልለውም። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሠራተኛዋ በገባችበት ቀን ነው። ዓመት ብትቆይ ተጨማሪ የለም፤ በወሯ ብትወጣ ግን አዲስ ኮሚሽን ይመጣል። አንዳንዱ ደላላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብትወጣ ሌላ እተካለሁ ይላል። ይህ ለአሠሪው ዋስትና ቢመስልም ለሕፃኑ ግን ምትክ ማለት አዲስ ፊት፣ አዲስ ድምፅና አዲስ ለቅሶ ነው።

ኮሚሽኑን ማን ይክፈል የሚለውም አብሮ መነሳት ያለበት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች በመርሕ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል። የመጀመሪያ ወር ደመወዟ በከፊል ለደላላ የሄደባት ሞግዚት የተሻለ ቤት እንዳገኘች ብትወጣ አያስደንቅም።

ተያዥ ምን ይመልሳል?

ተያዥ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የሚያውቃት ሰው ስለ እሷ ፈርሞ መቆሙ ራሱ አንድ መረጃ ነው፤ አድራሻዋም ይታወቃል። ይሁንና ተያዥ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ወርቅ ወይም ገንዘብ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል የሚለውን። ሕፃኑ ጉሮሮው ላይ ምግብ ቢይዘው፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ቢያድር ወይም ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ቢቀመጥ ተያዥ የሚተካው ነገር የለም።

ተያዥ የማታገኝ ሁሉ የማትታመን ናት ማለትም አይደለም። ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌላት ግን አራት ታናናሾቿን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ልጅ በዚህ ወንፊት ትወድቃለች። ዘመድ የበዛላት ግን ልጅ የማትወድ ታልፋለች።

ጥያቄው እንዴት ይጠየቅ?

ስለ ሠራተኛ ምርጫ የተደረጉ ጥናቶች ለዚህ የሚረዳ ውጤት አላቸው። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት የጥናቶች ዳሰሳ የቃለ መጠይቅ ውጤት ሠራተኛው በኋላ ከሚያሳየው የሥራ ብቃት ጋር ያለውን ዝምድና መርምሯል። ፍጹም ዝምድና አንድ ቢባል፣ ጥያቄው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሁሉም ተወዳዳሪ በእኩል ሲቀርብ ዝምድናው 0.42 ነው። እንደመጣ በወሬ መልክ ሲካሄድ ግን 0.19 ብቻ ይሆናል። አምስትና ስድስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፎ መቅረብ ገንዘብ አያስወጣም።

ጥያቄዎቹም «ልጅ ትወጃለሽ?» የሚሉ መሆን የለባቸውም። ሥራ ፈላጊ ሆና አልወድም የምትል የለችም። የሚጠቅመው የሠራችውን ወይም የምታደርገውን የሚያስነግር ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፣

«ባለፈው ቤት የያዝሽው ልጅ ምን ይወድ ነበር? ምን ያስለቅሰው ነበር?» በእውነት የያዘችው ልጁን በስሙ እየጠራች ትዘረዝራለች፤ ያልያዘችው «ደህና ልጅ ነው» ብላ ታልፋለች።

«ልጁ አልበላም ብሎ አፉን ቢዘጋ ምን ታደርጊያለሽ?» አፍንጫውን ይዛ የምታጎርስ ከሆነ በዚሁ ይታወቃል።

«እናቱ ሥራ ላይ ሳለች ሕፃኑን ቢያተኩሰው?» ያገኘችውን ሽሮፕ የምትሰጠውን፣ ወዲያው እደውላለሁ ከምትለው መለየት ያስፈልጋል። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

«ልጁ ወድቆ ግንባሩ ቢያብጥ ለእናቱ ምን ትያታለሽ?» ይህ የሐቀኝነት ጥያቄ ነው። ቁጣን ፈርታ የምትደብቅ ሠራተኛ ትልቁንም ነገር ትደብቃለች። አሠሪውም በበኩሉ እውነቱን የነገረችውን እንደማያባርር አስቀድሞ ቃል መግባት ይገባዋል።

«አላውቅም፣ ብታሳዩኝ እማራለሁ» የሚል መልስም ሙሉ ነጥብ ሊያሰጥ ይችላል። ዕውቀቱን ማስተማር ይቻላል፤ ትዕግሥትና ግልጽነት ግን በሳምንት የሚሰጡ አይደሉም።

ከጥያቄው ቀጥሎ ለቀደመው አሠሪ ስልክ መደወል ይመጣል። ከዚያም እናትየዋ ቤት እያለች ሁለት ቀን በክፍያ ማሠራት ይገባል። ልጁን ስታነጋግር ዝቅ ትላለች ወይስ ከላይ ሆና ትጮሃለች? ዳይፐር ከቀየረች በኋላ እጇን ትታጠባለች? ስልኳስ የት ነው? እነዚህን ማየት ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል።

ለማቆያና ለመዋዕለ ሕፃናት

ድርጅት ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው የሚደርሰው ለብዙ ልጆች ነው። እንግሊዞች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። በሌስተርሻየር የሕፃናት ማሳደጊያዎች የተፈጸመው በደል ከተጋለጠ በኋላ ኖርማን ዋርነር የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው ሪፖርት ምልመላው እንዲጠብቅ አሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በሶሃም ከተማ ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶች በአንድ የትምህርት ቤት ተንከባካቢ ሠራተኛ ተገደሉ። ሰውየው ቀድሞ በኖረበት አካባቢ ለፖሊስ የደረሱበት ተደጋጋሚ ጥቆማዎች ለቀጠረው ትምህርት ቤት አልደረሱም ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የማይክል ቢቻርድ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2004 ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ ከቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ቢያንስ አንዱ ለዚሁ የሠለጠነ እንዲሆን ነው።

ከዚህ የሚቀዳው ትምህርት ለአዲስ አበባ ባለሀብት እንግዳ አይሆንም። ሁለት ሰው ሆኖ መጠየቅ፣ በሥራ ታሪኩ ውስጥ የተዘለለ ጊዜ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱን የጻፈውን ድርጅት ደውሎ ማነጋገር፣ የፖሊስ የአሻራ ማስረጃና የጤና ምርመራ መቀበል፣ በመጨረሻም ተወዳዳሪዋን ከልጆች ጋር አስቀምጦ ማየት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜም ለማየት እንጂ ለመርሳት አልተሰጠም።

ሞግዚቷም ትጠይቅ

በግለሰብ ቤት የምትሠራ ሞግዚት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም። አዋጁ የግል አገልግሎት ሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ነው የተወው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አብራው ለምትኖር ሠራተኛ አሠሪው በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ረገድ ጤንነቷን እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል።

በመሆኑም ቃለ መጠይቁ የሁለት ወገን መሆን ይኖርበታል። ልብስ አጥባለሁ? ሌሊት እኔ ነኝ የምነሳው? የዕረፍት ቀኔ መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የድፍረት ምልክት ተደርገው ከታዩ አሠሪው ራሱን ይጎዳል። ጋዝ ላይ ወጥ፣ ገንዳ ውስጥ ልብስ፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን የያዘች ሴት የተቀጠረችው ለሦስት ሥራ ነው፤ የሚጓደለው ደግሞ ሁልጊዜ የማይናገረው ነው።

ስሌቱ

ለማሳያ ያህል በወር 22,000 ብር የምታገኝና 22 ቀን የምትሠራ እናት እንውሰድ። ሞግዚት በወጣች ቁጥር ስድስት የሥራ ቀን ቢባክንባት 6,000 ብር ነው። ኮሚሽኑ 1,500 ብር ቢሆን አንዱ ለውጥ 7,500 ብር አስወጣት ማለት ነው። በዓመት አራት ጊዜ ከሆነ 30,000 ብር ይደርሳል። አራቱን ወደ አንድ ብታወርደው 22,500 ብር ይተርፋታል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,875 ብር ነው። የዚህ ግማሹ በሞግዚቷ ደመወዝ ላይ ቢጨመር እንኳ እናትየዋ አትራፊ ናት። ተጨማሪው ደግሞ ጥሩዋን ሞግዚት ከገበያው እንዳትወጣ ያደርጋታል።

ለደላላውም ቢሆን መንገድ አለ። የቀደመ አሠሪ ያነጋገረ፣ ጥያቄና መልሱን በጽሑፍ የያዘ፣ ኮሚሽኑን ከፍሎ በገባችበት ቀንና ስድስት ወር ስትሞላ የሚቀበል አገናኝ ከሌላው የተሻለ ዋጋ ቢጠይቅ የሚከፍለው አያጣም።

በሌላው ገበያ ዕቃው የከፋበት ገዢ ይጮሃል፣ ይመልሳል፣ ሱቁን ይቀይራል። በዚህኛው ግን ከፋዩ ሌላ፣ ተገልጋዩ ሌላ ነው። ተገልጋዩ ገና አፉን አልፈታም። ቅሬታውን የሚያቀርብለት ቢኖር አስቀድሞ በደንብ የጠየቀ አሠሪ ነው።