ስዊቺንግ ሬጉሌተር በደጋማ ከፍታ፦ አሠራሩና በደባርቅ አካባቢ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና መኖሪያ ቤቶች የሚያገለግሉት የስልክ ቻርጀሮችና ኮምፒውተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኃይል የሚያገኙት በስዊቺንግ ሬጉሌተር አማካይነት ነው። ይህ ጽሑፍ የሬጉሌተሩን አሠራር ካብራራ በኋላ የአካባቢው ከፍታ በየትኛው ክፍሉ ላይ ጫና እንደሚያሳድር ያመለክታል።

ቀደምቱ ሊኒየር ሬጉሌተር ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት መልክ ያስወግዳል። 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት በ1 አምፔር ሲያቀርብ፣ ከሚወስደው 12 ዋት ውስጥ 7 ዋቱ ይባክናል። በስዊቺንግ ሬጉሌተር ግን ትራንዚስተሩ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ሲበራ በላዩ የሚቀረው ቮልቴጅ፣ ሲጠፋም የሚያልፍበት ከረንት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ብክነቱ ዝቅተኛ ነው። በበራበት ጊዜ ኢንደክተሩ ኃይል ያከማቻል፤ ሲጠፋ ያከማቸውን በዳዮድ በኩል ይለቃል፤ ካፓሲተሩም የቮልቴጁን መዋዠቅ ያለዝባል። የመቆጣጠሪያው ሰርኪዩት የውጤቱን ቮልቴጅ እየለካ ትራንዚስተሩ በርቶ የሚቆይበትን ድርሻ ያስተካክላል፤ በዚሁ ምሳሌ ድርሻው ከእያንዳንዱ ዑደት 42 በመቶ ያህል ነው።

ከ220 ቮልት መስመር የሚሠራ ቻርጀር ተለዋዋጩን ከረንት በቅድሚያ ወደ 311 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ ከዚያም እየቆራረጠ በአነስተኛ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። ይህን ቮልቴጅ ከተጠቃሚው እጅ የሚለዩት የትራንስፎርመሩ መከለያና በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ የተተወው የአየር ክፍተት ናቸው።

የከፍታ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ፍሪድሪሽ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አየር ብልጭታ የሚያሳልፍበት ቮልቴጅ በግፊቱና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ይወሰናል፤ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ግፊቱ ሲቀንስ ብልጭታው በአነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በመሆኑም አይኢሲ 60664-1 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ የሚሠራውን ክፍተት ለ3,000 ሜትር በ1.14 እንዲባዛ ያዛል፤ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው 4.56 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀትንም በደካማው ይወስዳል፤ ይህን የደጋው ቅዝቃዜ በከፊል ያካክሰዋል፤ የክፍተቱን ጉድለት ግን አይሞላም።

መሣሪያው ያለ እንከን መሥራቱ ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ክፍተቱ የሚፈተነው መብረቅ በመስመሩ ላይ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲፈጥር ነውና። ስለዚህ ለደጋው ተቋማት ግዥ ሲፈጸም የመሣሪያው የከፍታ ወሰን ከዋት መጠኑ እኩል ሊታይ ይገባል።