ቅሬ፣ ቧንቧና መንግሥት



የሐብሩ ገጠር ገበሬ ውሃውን ከምንጭ ወይም ከወንዝ ይቀዳል፤ ማገዶውን ራሱ ይለቅማል፤ ቤት ሲሠራና አዝመራ ሲሰበስብ ጎረቤቱ በደቦ ያግዘዋል። መንግሥትን የሚያስበው በአብዛኛው ግብር፣ ማዳበሪያና የመሬት ጉዳይ ሲነሣ ነው። መርሳ ወይም ወልድያ ሲገባ ግን ውሃው በቧንቧ፣ መብራቱ በሽቦ ይመጣል፤ መታወቂያና የቤት ቦታ ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ያመላልሳል። ስለዚህ ከተሜ ከመንግሥት ብዙ ይጠብቃል፤ ሲቀርበትም ብዙ ያማርራል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የቧንቧ መስመር ማንም ብቻውን አይዘረጋም።

ችግሩ በዚያው ጎረቤትን ስንረሳ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። ደብተሩ ላይ ገንዘብ እያለው ማውጣት ላልቻለ ሰው የቀረው ዘመድና ጎረቤት ነበር።

ወሎ ለክፉ ቀን ቅሬ አለው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይረዳዱበታል። ዲናችንም ፈለጉን አሳይቶናል። በመዲና ውሃ በተቸገረ ጊዜ ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝቡ ወቅፍ አደረጉት። ያኔ ኸሊፋ አልነበሩም፤ የከተማው ነዋሪ እንጂ።

እኛም በግቢያችን ሁለቱንም እንያዝ፦ ውሃ ሲጠፋ የሚመለከተውን ቢሮ በአደብ እንጠይቅ፤ እስኪመጣ ግን የታመመ የዶርም ጓደኛችንን ጀሪካን እንሙላለት።

አላህ ያግራልን።