የእጅ ሥራ ክብርና የጎጃም ዋንዛ

ዴንማርክ ከቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት በስፋት የምታንስ አገር ናት። ነገር ግን አናጢዎቿ የሚሠሩት ወንበርና ጠረጴዛ በዓለም ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል። ይህም የሆነው በእንጨት ብዛት አይደለም፤ ቲክ የሚባለውን እንጨት እንኳ ከእስያ ያስመጡ ነበርና። ምክንያቱ የእጅ ሥራ ከትምህርት ጋራ ተባብሮ መከበሩ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1924 በኮፐንሃግን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ትምህርት ተከፈተ። ከ1927 እስከ 1966 ድረስም የከተማዪቱ አናጢዎች ማኅበር በየዓመቱ ሥራውን ለሕዝብ እያሳየ፥ ንድፍ አውጪውንና አናጢውን አገናኘ። የጫማ ሰፊ ልጅ የሆነው ሐንስ ቬግነር በ1949 ያወጣው ወንበር፥ በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በቴሌቪዥን ሲከራከሩ መቀመጫቸው ሆነ።

በአገራችንም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ቅዱስ መጽሐፍም ባስልኤል እንጨት ይጠርብ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ሙያን የሚያቃልል ቃል ዛሬም ከሰው አፍ ፈጽሞ አልጠፋም።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚበቅለው ዋንዛ ለመጥረብ የተመቸ፥ ለበር፥ ለወንበርና ለከበሮ የሚሆን መልካም እንጨት ነው። ነገር ግን የተቆረጠው ካልተተካ ዛፉ ያልቃል፤ አናጢው ካልተከበረም ልጁ ሙያውን አይወርስም። ስለዚህ ሹማምንት ለአናጢዎች የንድፍ ትምህርትና ዓመታዊ የሥራ ማሳያ ቢያቋቁሙላቸው፥ ካህናትም በየደብሩ ቅጥር የዋንዛ ችግኝ ቢያስተክሉ፥ የጎጃም ወንበር ከጎጃም አልፎ ገበያ ለማግኘት ይበቃል።