መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ቡሬ እንዴት ይድረስ?

መንግሥት መጽሐፍ ማሳተም አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትና «ኦሮማይ» አብረው ይነሣሉ። የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ደግሞ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «የመንግሥት አሳታሚ» ሲባል ሰው ሳንሱር ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ፍኖተ ሰላም ወይም የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት ቡሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ የጎጃም ገጠር በአብዛኛው የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። መጽሐፉማ ከየት ይምጣ! ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ገበሬ ፊደል ቢያስቆጥርም፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ይፈልጋል። ኩራዝ መደርደሪያውን በሌኒን ትርጉም ቢያጣብብም፣ ደራሲው ቤቱን ሳያሲዝ መጽሐፉን ያሳትምለት፣ በራሱ መደብሮችም ይሸጥለት ነበር።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ኩራዝ ከሰመ፤ ከኢሕአዴግ ጋር የተቆራኘው አሳታሚ ሜጋም ገበያው ውስጥ ገነነ። ዛሬ ብዙው ደራሲ ተበድሮ ራሱ ያሳትማል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ያነሣል። ለአከፋፋይ ሃያ ቅጂ ፍኖተ ሰላም መላክ አያዋጣውም፤ መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋማ ጭራሽ። እዚያ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ብትገቡ ደብተር፣ የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ታገኛላችሁ። ልብ ወለድ ካለም ጥግ ላይ ነው፣ ሽፋኑ በፀሐይ ነጥቶ።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ሌላ ዘዴ ይዛለች። ኅትመቱን ለግል አሳታሚ ትታ፣ ከታተመው ላይ በመንግሥት ገንዘብ ቅጂ እየገዛች ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታከፋፍላለች። ኩራዝን ከሞት ከማስነሣት ይህ ይሻለናል ባይ ነኝ። ገዢም ቢሆን የማይወደውን ሊዘል ይችላልና፣ መራጮቹ እነማን ይሁኑ የሚለው ብርቱ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ቡሬ ሲደርስም መዝጋቢ ሠራተኛና መደርደሪያ ይፈልጋል፤ ወጪውን ወረዳው ይሸከም ወይስ ክልሉ ሲባል ግን ብዙም አልሰማሁም።