የዜማ ቤት መምህራን፦ እርስ በርስ የሚመሰካከሩ ሊቃውንት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ ሰው በየደብሩ ዙሪያ የተማሪ ጎጆዎችን ያገኛል። የቅኔ፣ የዜማና የመጽሐፍ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው የሚያድሩባቸው ጎጆዎች ናቸው። በዜማው ጉባኤ የኔታ ተቀምጠው ተማሪውን በቃላቸው ያስተምራሉ። በላያቸው የትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ የለም፣ በየዓመቱ የሚታደስ ሥርዓተ ትምህርትም አይላክላቸውም። እንዲያም ሆኖ በጎጃም የተማረ መሪጌታ አክሱም ወይም አዲስ አበባ ቢሄድ ከማያውቃቸው ሊቃውንት ጎን ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። በአካል ተለያይተው የሚኖሩ መምህራን አንድ ትምህርት ሳይበታተን ያቆዩት እንዴት ነው?

መልሱ በመምህራኑ መካከል ባለው ትስስር ውስጥ ነው። የዜማ መምህር ብቻውን መምህር አይሆንም፤ ሌሎች መምህራን ሰምተው፣ አርመውና መስክረው ነው መምህር የሚያደርጉት።

የትምህርቱ መነሻ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት አክሱማዊው ቅዱስ ያሬድ ነው። ሊቃውንቱ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የእርሱ ድርሰቶች አድርገው ይቆጥራሉ። ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሦስት መልኮች ይከፈላል። ተማሪው ከውዳሴ ማርያም ዜማ ተነሥቶ መስተጋብዕን፣ አርባዕትን፣ ሠለስትን፣ አርያምን፣ ምዕራፍንና ጾመ ድጓን አልፎ ወደ ትልቁ ድጓ ይደርሳል። ይህ የዓመታት መንገድ ነው። የኔታ ያዜማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ታናሹን ያስጠናል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ገና ሳይጨርስ ማስተማር ይጀምራል፤ የመምህርነት ሙያም የሚለመደው እዚያው ጉባኤው ውስጥ ነው።

ቃል ብቻውን እንዳይጠፋ ምልክት አለ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሒደትና ቁርጥ ይባላሉ፤ በኋላ ድርስና አንብር ተጨምረው ዐሥር ሆነዋል። ድፋት ድምፅ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ርክርክ እንዲርገበገብ፣ ቁርጥ በአጭሩ እንዲቆም ያሳያል። ከእነዚህ ሌላ በድጓው መስመሮች መካከል በትንንሽ ፊደላት የሚጻፉ ብዙ ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። ይህን የምልክት ሥርዓት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይተረካል። ምልክቱ ግን ለማያውቅ ሰው ዜማውን አያስተምርም። ለተማረ ሰው ያስታውሳል እንጂ፤ የኔታን የሚተካ ጽሑፍ የለም።

የመምህራኑ ትስስር ጎልቶ የሚታየው በምስክር ጊዜ ነው። በጎጃም ድጓ የዘለቀ ተማሪ ትምህርቱን እንዲያስመሰክር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣል። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የመጣው ሰው በሌላ መምህር እግር ሥር የተማረውን ሁሉ በዚያ ጉባኤ ፊት ያሰማል፣ የጻፈውን ድጓ ያሳርማል፣ የተሳሳተውን ያቃናል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር አሉ። እነዚህ ምስክር ቤቶች የሚመዝኑት ተማሪውን ብቻ አይደለም፤ በእርሱ በኩል ያስተማሩትን የኔታም ይመዝናሉ። በርቀት የሚኖሩ ሁለት መምህራን ፊት ለፊት ሳይገናኙ የሚተራረሙት በዚህ መንገድ ነው።

መተራረም ግን ሁሉን አንድ ዓይነት ማድረግ አይደለም። በድጓ ዜማ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ስልቶች አሉ። ቤተልሔም ብዙ ተከታይ ቢኖራትም ሌሎቹ ስልቶች እንደ ስሕተት አይቆጠሩም። በቆማ የተማረ መምህር በቤተልሔም የተማረውን ባልደረባውን ያከብራል፤ ሁለቱም ዜማቸውን ወደ ያሬድ ያደርሳሉና። ስሕተትን ከልዩነት ለይቶ ማወቅ ከመምህርነት ዕውቀት ሁሉ የሚከብደው ይመስለኛል፤ ያሬዳውያኑ ግን ለዘመናት ኖረውበታል።

ጎጃም በዚህ ማኅበር ውስጥ የራሱን ድርሻ ይዟል። ስሙ የተጠራው በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶቹ ነው፤ ቅኔ ደግሞ ያለ ዜማ አይቆምም። ጉባኤ ቃና፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ፣ መወድስ፣ ዕጣነ ሞገር ሁሉም ልካቸውን የሚያገኙት ከሚዜሙበት ዜማ ነው፤ ስለዚህ የቅኔ መምህሩና የዜማ መምህሩ በሙያ ተዛምደዋል። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ለሁሉም አንባቢ አስተዋውቋል።

በዓመታዊ ክብረ በዓል ከየአጥቢያው የተሰበሰቡ መምህራን ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና ከበሮው አብረው ይሄዳሉ። ያን ሌሊት ማንም ተመልካች ብቻ አይሆንም። ሁሉም ያዳምጣል፣ ሁሉም ይደመጣል፤ የላላ ዜማ ከባልደረባ ጆሮ አያመልጥም።

ሌላው ዓለምም ይህን ዕውቀት አስተውሎታል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ስለዚሁ ዜማ ሦስት ቅጽ ጥናት አሳትመዋል። በአሜሪካ የሚኖሩት ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም በዚህ ሙያቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ ተማሪው የየኔታን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ መሄድ ይችላል። ይህ መልካም ነው፤ የመምህር ድምፅ ከመቃብር ይተርፋል። የተቀዳ ድምፅ ግን ተማሪውን አይሰማም፣ ሲሳሳትም አያርመውም። የዜማ ቤት ጥንካሬ በሚሰማው ብቻ ሳይሆን በሚያርመው ጆሮ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ዜማ ቤት ሂዱ፤ የኔታን ጠይቋቸው፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፣ እርስ በርስ የመመሰካከሩን ልማድም ወደ ክፍላችሁ ውሰዱ። የአጥቢያ ምእመናንም ለጉባኤ ቤቱ የዕለት እንጀራና መጠለያ አትንፈጉ። የኔታ ያለ ተማሪ፣ ተማሪውም ያለ እንጀራ ዜማውን ሊያቆዩት አይችሉም።