ከጣት ጫፍ እስከ 60 አይሱዙ

የወባ ትንኝ ነክሳ ስትነሣ ቆዳ ሥር የምትተወው ተሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ 100 አይሞላም። እያንዳንዱ ተሕዋስ አንድ ፍሬ ጤፍ ነው ቢባል ቁጥሩ ለዓይን ይቀርባል። 1,000 ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ትንኟ የዘራችው እንግዲህ በጣት ጫፍ ተለጥፎ የሚነሣ ነው።

ከነዚህ ጉበት ለመድረስ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። የበቃው ግን፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ዝርያ ከሆነ፣ 6 ቀን ያህል አድፍጦ እስከ 30,000 ይራባል። አሥሩ ብቻ ቢሳካላቸው 300,000 ተሕዋስ ወደ ደም ይፈሳል፤ በጤፉ ሚዛን 90 ግራም፣ አንድ ጭብጥ መሆኑ ነው። የተነከሰው ሰው እስካሁን ምንም አልተሰማውም። ያርሳል፣ ገበያ ይውላል።

ሒሳቡ የሚከፋው ከዚህ ወዲያ ነው። ተሕዋሱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባል፤ በ48 ሰዓት ሴሉን አፈንድቶ ሲወጣ እስከ አሥር እጥፍ ሊበዛ ይችላል። 300,000 የነበረው 3 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 30 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 300 ሚሊዮን ይሆናል። ብርድ ብርድ የሚለው፣ ትኩሳቱም የሚነሣው 100 ሚሊዮን ገደማ ላይ ነው፤ 30 ኪሎ ጤፍ። የሚያግደው ካጣ ከዚያ 1 ትሪሊዮን ለመድረስ 8 ቀን ይበቃዋል። ያን ጊዜ ጤፉ 3,000 ኩንታል ሆኗል፤ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ 60 ያስፈልገዋል። ለአንድ ጎልማሳ ይህ ቁጥር የሞት አፋፍ ነው።

የሚያግደው ግን አለ። በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር የተሸጎጠው ጣፊያ 150 ግራም ቢመዝን ነው። ልብ ከሚረጨው ደም ወደ 5 በመቶ የሚሆነው በእሱ በኩል ያልፋል። ማለፊያው ጠባብ ነው፤ ወርዱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን የሆነ ቀይ ሴል 1 ማይክሮን ገደማ በሆነ ስንጥቅ ተጣጥፎ መሹለክ አለበት። ጤነኛው ይሾልካል። ተሕዋስ ያደረበት ግን ግትር ስለሚሆን እዚያው ይያዛል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ይበሉታል። መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ጣፊያ የሞተውን ተሕዋስ ብቻ መንጥቆ አውጥቶ ሴሉን መልሶ ወደ ደም ይለቀዋል። ይህን ያህል ረቂቅ ሥራ ከአንድ ቁራጭ ሥጋ ማን ይጠብቃል? ለጠፉት ሴሎች ምትክ የሚያወጣው መቅኔ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ያመርታል።

ፋልሲፓረምም መላ አያጣም። ጎልምሶ ጣፊያ እንዳይይዘው ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የሚጣበቅበትን ፕሮቲን የሚሠሩለት ወደ 60 የሚሆኑ ጂኖች አሉት፤ አንዱን ለብሶ ይቆይና ሰውነት ሲለየው ሌላ ይቀይራል። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት አንድ ሴል በሰከንድ 2,000 ገደማ ሞለኪውል ይረጫል፤ የሚረጨው ግን ላወቀው ልብስ ብቻ ነው። ቆላ ያደገ ሰው ልብሶቹን ለይቶ እስኪጨርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ብዙ ሕፃናት ያን ዓመት አያገኙም፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ወባ 597,000 ሰው ገደለ፤ አፍሪካ ውስጥ ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

ደገኛው ደግሞ ከልብሶቹ አንዱንም አያውቅም። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሲወርድ ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ ውስጥ ማደጉን ያቆማል፤ ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ይኸው ብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ወባ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ ሞተ። ከ20 ሕሙማን አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ እንኳ በአገሪቱ የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የሞተው ግን 1,157። ምርመራና መድኃኒት መኖሩ ልዩነቱን አስፍቶታል።

ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት በታች ይደርሳል። ፋልሲፓረም ከተገኘ የሚታዘዘው ኮአርተም የ3 ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም ይጨርሰው።