ጎርፍን የሚያዘገይ የአፈር ግድብ

አነስተኛ የአፈር ግድብ በጎርፍ መውረጃ ሸለቆ ላይ፣ ከአካባቢው የተቆፈረ አፈር በየንብርብሩ ተነጥፎና ተጠቅጥቆ የሚሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ የሚበልጠውን የዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን ከትልልቆቹ ይመድበዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረውና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በዋቤ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ግድብ የሚጠቅመው ውኃ ሲያጠራቅም ነው፤ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ግን ቀጣዩን ጎርፍ የሚቀበልበት ቦታ እንዲኖረው አብዛኛውን ዓመት ባዶ ሆኖ መቆየት አለበት።

የባሌ ደጋ ይህን አሠራር ለመረዳት የተመቸ መልክዓ ምድር አለው። ከ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተዘረጋው የሰነቴ አምባ ሥር ጎባ በ2,700፣ ሮቤ ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ። ከተራራው የሚወርደውን ውኃ የጎባው ቶጎና እና የሮቤው ሻያ ተቀብለው ወደ ወይብ ወንዝ ያደርሱታል። ዳገቱ ውኃውን ሲያጣድፈው፣ ሜዳውን የሸፈነው ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ማለትም ዋልካ፣ አንዴ ከራሰ በኋላ ተጨማሪ ውኃ የሚያሰርገው በጣም በዝግታ ነው። በዳገቱና በሜዳው መካከል የሚሠራ ግድብ የጎርፉን ጠቅላላ መጠን አይቀንስም፤ በግርጌው የተቀበረው ማስወጫ ቱቦ ከታች ያለው መውረጃ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ እየለቀቀ፣ በአጭር ጊዜ የመጣውን ውኃ በረጅም ጊዜ ያሳልፈዋል።

አስቸጋሪው ነገር አፈሩ ነው። ዋልካ ሲርስ አብጦ ውኃ ስለማያሳልፍ ለግድቡ እምብርት፣ ማለትም ስርገትን ለሚከለክለው መካከለኛ ክፍል፣ ተስማሚ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፣ ባዶ የሚቆየው ግድብ ደግሞ ለድርቀቱ የተጋለጠ ነው። በበጋ የተከፈተ ስንጥቅ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲደርስ የውኃ መንገድ ይሆንና፣ ውኃው አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ ዋሻ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ እምብርቱ እርጥበቱን እንዲጠብቅ ለመሰንጠቅ በማይቸኩል አፈር ይሸፈናል፣ ውጫዊው ተዳፋትም ሣር ይለብሳል።

ማስወጫው ከሚችለው በላይ ጎርፍ ሲመጣ፣ ትርፉ ከግድቡ ዳር በጠንካራ መሬት ላይ በተሠራው ማስተንፈሻ በኩል መውጣት አለበት፤ በአናቱ ላይ ከፈሰሰ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋልና። ከተራቆተ ማሳ የሚመጣው ደለልም ለጎርፉ የተጠበቀውን ቦታ ስለሚሞላ፣ በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከን ከግድቡ ሥራ ተለይቶ አይታይም። ስንጥቁ የሚደፈንበትና ማስወጫው የሚጠረግበት፣ ውኃ የማይታይበት በጋ እንግዲህ የግድቡ ዋና የሥራ ወቅት ነው።